ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አናት ላይ፦ ከትኬት ቆረጣ እስከ መስታወቱ ጫፍ

የመስታወት ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቆም የሄድኩ ዕለት ከሊፍቱ ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያው ነበር ያመራሁት። ቀኝ እግሬን አስቀደምኩ፤ ግራው አልከተልም አለ። ከኋላዬ ሰልፉ ይረዝማል፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በዚህ መሐል ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ በጎኔ ሹልክ ብላ አለፈችና መስታወቱ መሐል ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከሥሯ መኪኖች የክብሪት ቀፎ አክለው ይርመሰመሳሉ። እኔ የብረቱን ዘንግ የሙጥኝ ብዬ ቀረሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ስገባ ግን ሁለቱም እግሮቼ ታዘዙ። መስታወቱም ከፍታውም ያው ነበር፤ ያ ግማሽ ሰዓት ያለፈበት መንገድ ነው የለወጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «እንዴት ደፈርከው?» ሲለኝ ስለ ወኔ አላወራም። የማወራው ስለ ሰዓት፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ቀበቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላይ ከደረሱ በኋላ ስላሉት የመጀመሪያ 20 ደቂቃዎች ነው። ከታች የጻፍኩት በቅደም ተከተል ነው፤ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ 6ኛውን አትዝለሉ።

1. የምትፈሩትን ለዩ

«ከፍታ እፈራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው በአንድ ስም የሚጠራው። አንደኛው ከእግር ሥር ባዶ ማየት ነው። ሁለተኛው «ሚዛኔን ስቼ ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ ነው። ሦስተኛው ራሱ መውደቁ፣ ያ ሆድን ወደ ላይ የሚሰቅለው ስሜት ነው። በአንዱ ጉልበቱ የሚብረከረክ ሰው ሌላውን እየሳቀ ያልፈዋል። መመልከቻ ሰገነቶች የሚያዘጋጇቸው ልብ አንጠልጣይ ጨዋታዎችም በነዚሁ ሦስት ይመደባሉ፦ ቆሞ ማየት፣ ጫፍ ላይ መሄድ፣ መውደቅ።

ቆሞ ከሚታይባቸው የታወቀው በቺካጎ የዊሊስ ማማ፣ የድሮው ሲርስ፣ 103ኛ ፎቅ ላይ ያለው ነው። በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከሕንፃው ግድግዳ 1.3 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የሚወጡ የመስታወት ሳጥኖች ተገጠሙለት፤ ከፍታው 412 ሜትር ነው። የቶሮንቶው ሲኤን ማማ የመስታወት ወለል ደግሞ ከ1994 ጀምሮ 342 ሜትር ላይ አለ። እዚህ ምንም አትሠሩም፤ ትገባላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ካልሆነላችሁም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው።

ከዚሁ ጎራ ከበድ የሚለው የሚጋደለው ነው። እዚያው ቺካጎ፣ የቀድሞው ጆን ሃንኮክ ሕንፃ 94ኛ ፎቅ ላይ በ2014 የተከፈተ «ቲልት» የሚባል አለ። እስከ ስምንት ሰው ግራና ቀኝ ዘንግ ይዞ ከመስታወቱ ፊት ይቆማል፤ ከዚያ የቆሙበት ክፍል እስከ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ ያዘነብላል። 30 ዲግሪ ወረቀት ላይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ፊትን ወደ ጎዳናው ደፍቶ ሲንጠለጠሉ ግን ክብደት ከእግር ወደ እጅ ሲሸጋገር ይታወቃል፤ ሰው ዘንጉን አንቆ የሚይዘው ያኔ ነው። ኒው ዮርክ ሮክፌለር ማዕከል አናት ላይ በ2023 የተከፈተው «ዘ ቢም» ለኔ ከዚህ ይቀላል። በ1932 ሠራተኞች ብረት ላይ ተደርድረው ምሳ ሲበሉ የተነሱትን ዝነኛ ፎቶ እንዲያስታውስ ሰውን ብረት ላይ አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮ፣ ከሰገነቱ ጥቂት ሜትር ከፍ አድርጎ ያዞራል። ቁጭ ያለ ሰው ለሚዛኑ ብዙ አይጨነቅም።

መሄድ ሌላ ነው። ሲኤን ማማ ላይ በ2011 የተጀመረው «ኤጅ ዎክ» 356 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ጠርዝ፣ ምንም መደገፊያ አጥር ሳይኖር ማማውን ዞሮ መጨረስ ነው። ኒው ዮርክ ሃድሰን ያርድስ ውስጥ በ2021 የተጀመረው «ሲቲ ክላይም» ደግሞ ሕንፃውን በውጭ በኩል በደረጃ አስወጥቶ አናቱ ላይ ወደ ባዶው እንድትጋደሉ ያደርጋል። ሁለቱም በገመድ ታስሮ ነው።

ለመውደቅ የሚመጣ ሰው ኦክላንድ ስካይ ታወር 192 ሜትር በሽቦ እየተመራ ይወርዳል። ላስ ቬጋስ ስትራት ማማ ከ250 ሜትር በላይ የሆነ ተመሳሳይ ዝላይ አለው፤ የማካው ማማ ደግሞ 233 ሜትር ላይ የላስቲክ ገመድ ዝላይ፣ ማለትም ባንጂ አለው።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፦ ገንዘቡን የሚመጥነው መሄዱ ነው። ዝላዩ ከ20 ሰከንድ በታች ያልቃል፣ የመስታወቱ ሳጥን አንድ ደቂቃ ነው። ኤጅ ዎክ ግን ውጭ ብቻ 20 እና 30 ደቂቃ መሐል ያቆያል፤ ፍርሃት መጥቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ደክሞት ሲሄድ የምታዩበት ጊዜ ታገኛላችሁ። ሚዛን የሚያስጨንቀው ሰው ግን በዚህ አይጀምር።

2. ደንቡን ከክፍያ በፊት አንብቡ

የሰገነቱ መግቢያና የጨዋታው ትኬት ብዙ ቦታ ለየብቻ ናቸው። መግቢያውን ገዝተው ወጥተው «እዚያ ላይ እጨምራለሁ» የሚሉ ሰዎች የዕለቱ ተራ አልቆ ይጠብቃቸዋል። ተቃራኒውም አለ፤ የጨዋታው ትኬት መግቢያውንም የሚጨምርበት ቦታ አለና ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ እዩ።

ከዚያ የሚከለክሉትን ፈልጉ። ውጭ የሚሄዱበትና የሚዘሉበት ሁሉ የክብደት ወለልና ጣራ፣ የዕድሜ ወለል፣ አንዳንዴም የቁመት ገደብ አለው፤ ብዙዎቹ እዚያው ሚዛን ላይ ያወጧችኋል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የጀርባና የአንገት ችግር ያለበት ሰው እንዳይገባ ይጠየቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው። የጠጣ ሰው ይመለሳል፤ በዚህ አይደራደሩም፣ መደራደርም የለባቸውም። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ የወላጅ ፊርማ ብቻ ሳይሆን ወላጁ ራሱ እንዲገኝ የሚጠየቅበት ቦታ አለ።

ሦስተኛው የአየሩ ጉዳይ ነው። ነፋስ ሲበረታ ወይም መብረቅ ሲያስጋ ውጭ ያለው ይዘጋል፤ አንዳንዱም በቅዝቃዜው ወራት ጭራሽ አይከፈትም። ሲዘጋ ገንዘብ ይመልሳሉ? ቀን ይቀይራሉ? ወይስ በዝምታ ይቀራል? እኔ አንድ ቦታ ላይ ይህን ሳላነብ ከፍዬ፣ ጨዋታው ተዘግቶ፣ «ሰገነቱ እኮ ክፍት ነው» ተብዬ በጭጋግ የተሞላ መስኮት ሳይ ውያለሁ። ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ጥፋቱ የኔው ነው፣ ቢሆንም ያንገበግባል።

3. ቀንና ሰዓት ምረጡ

ሕንፃው አናቱ በደመና ከተጋረደ ከታች ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ጫፉ የማይታይ ከሆነ ከጫፉም ምንም አይታይም። ዝናብ ራሱ ብዙ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ዝናብ ባባራ ማግስት አቧራው ታጥቦ አየሩ እንደ መስታወት ይጠራል። ጠላታችሁ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ደመና ነው። ስለዚህ ቀን የሚያስለውጥ ትኬት ትንሽ ቢወደድም ከርካሹ ይሻላል።

ምን ያህል ርቀት እንደምታዩ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ከፍታውን በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 አባዙት፤ የምታገኙት አድማሱ ያለበት ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። 100 ሜትር ላይ 36 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 400 ሜትር ላይ 71 ያህል ይሆናል። ልብ በሉ፣ ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን እይታው የጨመረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። እጅግ ረጅሙን ሕንፃ ማሳደድ ስለዚህ ሁልጊዜ አያዋጣም። በጣም ከፍ ካለ ቦታ ሲታይ ከተማው ካርታ ይሆናል፤ ከ250 እስከ 350 ሜትር ባለው መሐል ግን አሁንም ከተማ ነው፣ የቤት ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይቀር ትለያላችሁ። ደግሞም የከተማውን ዝነኛ ሕንፃ ማየት ከፈለጋችሁ ከራሱ ከዝነኛው ሕንፃ ላይ አይታይም። ጎረቤቱ ላይ ውጡ።

ሰዓቱን በተመለከተ ሁሉም ሰው ጀንበር ስትጠልቅ መገኘት ይፈልጋል፣ ትክክልም ናቸው። ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ብትገቡ ቀኑንም፣ ጥልቀቷንም፣ መብራት የሚበራበትን ሰማያዊ ሰዓትም በአንድ ትኬት ታያላችሁ። ሰልፉ ግን ያኔ ይከፋል። ጨዋታው ከእይታው የሚበልጥባችሁ ከሆነ በር ሲከፈት የመጀመሪያዋን ተራ ያዙ፤ ሰገነቱ ባዶ ነው፣ ሠራተኞቹ አልደከሙም፣ ከኋላ ሆኖ የሚያጉረመርም የለም።

በነገራችን ላይ፣ ከፍ ያለ ሰው ጀንበርን ከታችኛው ዘግይቶ ነው የሚሰናበታት። ቡርጅ ከሊፋ 828 ሜትር ስለሆነ በ2011 የዱባይ የሃይማኖት አባት ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ ጾመኞች ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ መክረዋል። ጀንበር ስትጠልቅ በሊፍት እየወጣችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ ልታዩዋት ትችላላችሁ ማለት ነው።

4. ልብስና ጓዝ

ጫማ፦ የሚታሰር፣ ተረከዙ የተዘጋ፣ ሶሉ የሚይዝ። ነጠላ ጫማና ተረከዝ ያለው ጫማ ውጭ ከሚሄዱበት ያስመልሳል። ቀሚስ ለብሶ መስታወት ወለል ላይ መቆም የሚያስከትለውን መቼም መናገር የለብኝም፤ የጭን ማሰሪያ ላለው ቀበቶ ደግሞ ሱሪ ግድ ነው።

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና 400 ሜትር ላይ ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው። የሚበርደው በነፋሱ ነው። ታች ቅጠል በማያንቀሳቅስበት ቀን እንኳ እላይ ፀጉር ይነቅላል፤ ሸሚዝ ላይ የሚደረብ ቀጭን ጃኬት ያዙ። ረጅም ፀጉር ይጠቅለል። መነጽር ያደረገ ሰው ከአንገት የሚያያዝ ገመድ ይግዛ። ትልቅ ሻንጣና ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ብዙ ቦታ አይገባም። ሆድን ጥጋብ ድረስ አትሙሉ፣ ባዶ ሆድም አትውጡ። ባዶ ሆድ ላይ የሚመጣ ማዞር ከፍርሃት ጋር ሲደባለቅ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

5. ከበር እስከ ሊፍት

ፍተሻ አለ፣ እንደ አየር ማረፊያ ነው። ከዚያ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁመው ፎቶ ያነሷችኋል። አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም።

ሊፍቱ ራሱ የጉዞው አካል ነው። የታይፔ 101 ሊፍት በደቂቃ 1,010 ሜትር ይወጣል፣ የሻንጋይ ማማው ደግሞ በሰከንድ እስከ 20.5 ሜትር። በ400 ሜትር ከፍታ ልዩነት የአየር ግፊቱ 5 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ጆሮ ይደፈናል፤ ከመሐከለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የምትወርደው ቀጭን ቱቦ እስክትከፈት ማለት ነው። ምራቅ መዋጥ ወይም ማዛጋት ይከፍታታል። ሳይደፈን በፊት፣ በሩ እንደተዘጋ መዋጥ ጀምሩ። ከባድ ጉንፋን የያዘው ሰው ቀኑን ቢቀይር ይሻለዋል፤ በመውረጃው ጊዜ ጆሮው ክፉኛ ያመዋል።

6. የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

ሊፍቱ ሲከፈት ሕዝቡ ወደ መስኮቱ ይተማል። አትከተሉት።

መጀመሪያ ምን እንደሚከሰት እንረዳ። ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለዋል እንጂ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይወዛወዛል። ዓይን አጠገቡ ያለውን ነገር፣ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን፣ የበሩን መቃን እያመሳከረ ውዝዋዜውን ይይዛል፣ እግር ያርመዋል፤ ይህ ሁሉ ሳናውቀው ነው። ከፍታ ላይ ያ ቅርብ ነገር ይጠፋል። ኪሎ ሜትሮች የራቀ ሕንፃ ጭንቅላታችሁ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢነቃነቅ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ አይታይም፤ ስለዚህ ዓይን «ቆመናል» ሲል የውስጥ ጆሮና እግር «ኧረ ተንቀሳቅሰናል» ይላሉ። ጭው የሚለው፣ ወለሉ የሚሄድ የሚመስለው ከዚህ ጠብ ነው። ይህ ፈሪነት አይደለም። ከዚያ ላይ ሰውነት ድርቅ ይላል፣ ዓይን አንድ ነጥብ ላይ ይተከላል፣ ትንፋሽ ይቆረጣል፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ሚዛኑን ይበልጥ ያበላሹታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሕንፃው መሐል ላይ፣ ሊፍቶቹን የያዘው የኮንክሪት ግድግዳ አለ። ጀርባችሁን ለሱ ሰጥታችሁ ቁሙ፤ መስኮቱን ከሩቅ፣ በሰው ትከሻ ላይ እዩት። ትንፋሽ ስታስገቡ እስከ አራት፣ ስታስወጡ እስከ ሰባት ቁጠሩ። ዋናው ማስወጣቱ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቀጥሎ ምሰሶ ወይም አግዳሚ ፈልጉና በመሐሉ መንገድ ላይ ሌላ አምስት ደቂቃ። እዚህ ስትሆኑ ዓይናችሁን በኃይል አድማሱ ላይ አትትከሉት፤ እንዲንሸራሸር ተዉት። በሦስተኛው ወደ መስታወቱ ጠጋ በሉና ክፈፉን በጣት ጫፍ ብቻ ንኩት። ሙጥኝ አትበሉ፣ መነካቱ ይበቃል፤ ጣት የቆመ ነገር ሲነካ ሰውነት ማመሳከሪያ ያገኛል፣ ውዝዋዜው ይቀንሳል። ከክፈፉ አንዱ ጠርዝ ሁልጊዜ በዓይናችሁ ዳር እንዲታይ አድርጉ። ከዚያ ዓይናችሁን እንደ መሰላል አውርዱት፤ አድማሱን፣ ቀጥሎ መሐል ርቀት ላይ ያሉ ጣሪያዎችን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ሕንፃዎችን አናት፣ በመጨረሻ ጎዳናውን። ጎዳናውን አስቀድሞ የሚያይ ሰው ነው ወደ ኋላው የሚፈናጠር።

ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ አትሽሹ። ብትሸሹ የሚቀርላችሁ ትዝታ ጫፉ ይሆናል። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ፣ ከዚያ እንደገና ጠጋ በሉ። ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ ከኋላው መጥቶ «ዋ!» ብሎ መግፋት ቀልድ አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ወዳጅ ካላችሁ ሳታመነቱ ታች ይቅር።

ነፋስ ባለበት ቀን ሕንፃው ራሱ ቢወዛወዝ አትደንግጡ። እንዲለጠጥ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ድርቅ ያለ ቢሆን ነበር የሚያሰጋው። ታይፔ 101 ውስጥ ውዝዋዜውን ለማርገብ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ጎብኚም ያየዋል። ቀለም ተቀብቶ እንደ ትልቅ ብርቱካን ተንጠልጥሎ ሳየው ከመስኮቱ እይታ በላይ አስደስቶኛል።

7. መስታወቱ ላይ መቆም

አሁን ተራችሁን ያዙ። ስትገቡ ባዶውን አትዩ፤ መስታወቱ ከብረቱ ጋር የተገጠመበትን መስመር፣ ጎማውን፣ ብሎኑን፣ የሰው ጫማ የጫረውን እዩ። ዓይን መስታወቱን እንደ ዕቃ ካየው እግር ያምነዋል። መጀመሪያ ክፈፉ አጠገብ በሙሉ እግር እርገጡ፣ ጣት ጣታችሁን አትሂዱ። ቀጥሎ የራሳችሁን ጫማ ተመልከቱ። ቅርብ ያለ ነገር ነው፣ ያውም የራሳችሁ። ሦስት ትንፋሽ ካወጣችሁ በኋላ ዓይናችሁን ከጫማችሁ ጠርዝ አሻግራችሁ አውርዱት። ያቺ ቅጽበት፣ ትኩረቱ ከጫማው ወደ መንገዱ ሲዘል፣ ሆድ ባዶ ትሆናለች። የመጣችሁት ለሷ ነው።

ስለ ጥንካሬው ከተጨነቃችሁ፦ የዊሊስ ሳጥኖች ወለል እያንዳንዱ 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሦስት ንብርብር መስታወት ነው፤ እርስ በርስ በፕላስቲክ ተጣብቋል፣ እያንዳንዱ ሳጥን አምስት ቶን እንዲችል ተሰልቷል። ይህም አንድ ሙሉ ዝሆን ማለት ነው። አንዱ ንብርብር ቢሰነጠቅ ስብርባሪው ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ሌሎቹም ይሸከማሉ። በ2014 ጎብኚዎች ቆመው ሳለ ከእግራቸው ሥር ወለሉ ተሰነጣጠቀ። ድርጅቱ እንዳስረዳው የተሰነጠቀው ለጭረት መከላከያ ከላይ የተደረገው ልባስ እንጂ ተሸካሚው መስታወት አልነበረም። ቆመው የነበሩት ሰዎች ይህን ማብራሪያ የሰሙት ግን በኋላ ነው፤ ያቺን ደቂቃ አልቀናባቸውም።

በመስታወቱ ላይ አትዝለሉ። ይሰበራል ብዬ ሳይሆን አጠገባችሁ ያለው ሰው ገና ሁለተኛ እግሩን እያስገባ ስለሆነ ነው።

8. ታጥቆ ወደ ውጭ

ውጭ ለመሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይመድብ፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ልብስ ሲቀየርና ቀበቶ ሲታሰር ነው። ኪስ ይራገፋል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጆሮ ጌጥ፣ ስልክ ሁሉ ሎከር ውስጥ ይገባል። ከ350 ሜትር የወደቀ ስልክ የሚያርፈው የማታውቁት ሰው ራስ ላይ ሊሆን ይችላልና በዚህ አታጉረምርሙ።

ቀበቶው ትከሻ፣ ደረትና ሁለቱን ጭኖች ይይዛል። ሠራተኛው ሲያጠብቅ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ ደረት ተነፍቶ የታሰረ ቀበቶ ሲተነፍሱ ይላላል። የጭኑን ማሰሪያ ራሳችሁ ፈትሹት፦ መዳፍ ተዘርግቶ ካለፈ ልክ ነው፣ ጭብጥ ካለፈ ልል ነው። የሱሪው ጨርቅ ማሰሪያው ሥር ተጨምድዶ ከሆነ ያኔውኑ አስተካክሉት፤ ገመዱ ላይ ስትንጠለጠሉ ያቺ እጥፋት ቢላ ትሆናለች። ብዙ ቦታ አንዱ ያስራል፣ ሌላው ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ ይፈትሻል፤ እየጎተተ፣ ቁልፉን ጠቅ እያደረገ። ሁለተኛው ፈታሽ ካላያችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም።

በሩ ሲከፈት የሚቀድመው ነፋሱ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ከአናታችሁ በላይ ሐዲዱ ላይ የሚንከባለለው መያዣ ድምፅ። እሱን ስሙት። ወደ ግራ ስትሄዱ ወደ ግራ ይከተላችኋል፣ ስትቆሙ ይቆማል።

ከዚያ ወደ ውጭ መጋደል ይመጣል። ሁሉም ሰው የሚሠራት ስሕተት አለች፤ እግር ጠርዝ ላይ ሆኖ ገመዱ ገና ልል ሳለ ጀርባን መጣል። ያኔ ለግማሽ ሰከንድ እውነተኛ መውደቅ ይሆንና ነፍስ ውልቅ ልትል ትደርሳለች። መጀመሪያ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ መቀመጫ እንደምትፈልጉ ሁሉ ዝቅ በሉ፤ ገመዱ ይወጠራል፣ ክብደታችሁን ሲቀበል ጭናችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከተቀበላችሁ በኋላ ጉልበት ይዘርጋ፣ ዳሌ ወደ ውጭ ይሂድ። እጃችሁን ልቀቁ፤ አንድ በአንድ ቢሆንም ግድ የለም።

9. የሚዘል ካለ

በሽቦ የሚወርደውና ባንጂው አንድ አይደሉም። በሽቦ የሚወርደው ፊትን ወደ አድማስ አድርጎ፣ ማሽኑ ፍጥነቱን እየገደበ፣ ታች ሲደርስ በዝግታ በእግር ያቆማል፤ ኦክላንድ ላይ 11 ሰከንድ ያህል፣ በሰዓት እስከ 85 ኪሎ ሜትር ነው። ባንጂ ራስን ወደ ታች ደፍቶ ይጥላል፣ መልሶም ያስፈነጥራል። የዓይን ሕመም ወይም በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ባንጂን ይተወው።

ሐሳባችሁን የምትለውጡ ከሆነ ገመዱ ከመያያዙ በፊት ተናገሩ። ከተያያዘ በኋላ ደግሞ አትቁጠሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል…» የሚል ሰው ሲቆም አይቻለሁ፤ በቆመ ቁጥር ጠርዙ ይሰፋበታል። ሠራተኛው ሲል፣ ዓይናችሁ አድማሱ ላይ ሆኖ፣ እንደ ተራ እርምጃ አንድ እግር ወደፊት።

10. ፎቶ

የስልካችሁን ሌንስ ከመስታወቱ ጋር አጣብቁት፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጸብራቁ ይጠፋል። ካሜራ ያለው ሰው ፖላራይዘር ማጣሪያውን ያውልቅ፤ በሙቀት የጠነከረ መስታወት በሱ ሲታይ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። መስታወት ወለል ላይ ፊታችሁን ሳይሆን ጫማችሁንና ጎዳናውን አንድ ላይ አንሱ፤ ከፍታው የሚታየው በዚያ ነው። ከሁሉም በፊት ግን በዓይናችሁ እዩ። ተራችሁ አንድ ደቂቃ ከሆነ 40 ሰከንዱን ስልክ ሳይወጣ ተጠቀሙበት።

11. መውረድ

ጆሮ ሲወርዱ ከመውጫው ይበልጥ ይደፈናል፤ መዋጥ አትርሱ። ታች ስትደርሱ ያነሷችሁን ፎቶ ይዘው ይጠብቋችኋል፤ ለወረቀቱ ከመክፈላችሁ በፊት ዓይናችሁ ተከፍቶ እንደሆነ እዩ። የኔ ሁለቱም ጊዜ ተጨፍኖ ነው።

ከጨዋታው በኋላ እግር ቄጤማ ይሆናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ያለ ልክ ያወራል። ሰውነት የረጨው አድሬናሊን ገና አልጠፋም። መኪና የምትነዱ ከሆነ ቁልፉን ኪስ ውስጥ ተዉትና 20 ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ስትወጡ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ የቆማችሁበትን ሳጥን ፈልጉ። ከታች ሲታይ የጥፍር ያህል ነው፣ ውስጡ ነጠብጣብ የምታህል ሰው ቆማለች፤ ሁለተኛውን እግሯን ገና አላስገባችም።